የእትዬ ዘነበች ዳጣ የሻከረ ጊዜ

ስልኩ ሲጮህ አፌ ሙሉ ነበር። ይህ ብርቅ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዬም አፌ ባዶውን የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ወይ ምግብ አለበት ወይ ወሬ። የደወለችልኝ የጋሽ ከድር ልጅ ነበረች፣ ከቦንጋ።

«ጋሼ፣ እትዬ ዘነበች አረፉ» አለችኝ። «ትናንት ቀበርናቸው። አባባ በሕይወት ቢኖር ‹መጀመሪያ ለምትኩ ንገሪው› ይለኝ ነበር ብዬ ነው የደወልኩት።»

የጎረስኩትን መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ባለቤቴ ከማዶ ሆና ታየኛለች።

«ማን ሞተ?»

«አንዲት ሴት።»

«የምን ሴት?» አለች፤ ድምጿ ቀጠን አለ። በዚህ ሽበት፣ በዚህ ቦርጭ የሚቀናብኝ ሰው መኖሩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሐዘኑ መሀል ትንሽ ደስ አሰኘኝ።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። እንባ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ፍርሃት መጣ። ዓይኔ ሳላዘው ወደ በሩ ሄደ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ። እትዬ ዘነበችን ባሰብኩ ቁጥር እንዲህ ነው የሚሆነው። በሕይወቴ እንደ እሳቸው ቤት የትም ፈርቼ አላውቅም፤ እንደ እሳቸው ያለ የማይፈራ ሰውም አላየሁም። ቢፈሩም ለእኔ አላሳዩኝም። የእኔ ፍርሃት ለሁለታችንም ይበቃል ብለው ይሆናል።

ቦንጋ የገባሁት በደርግ ጊዜ ነው፤ ከጅማ ተዛውሬ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ። ወንደላጤ ነበርኩ። ሌላ ሰው አዲስ አገር ሲገባ የሚከራይ ቤት ይጠይቃል፤ እኔ ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልኩ የት እንደሚበላ ጠየቅሁ። ከገበያው በታች ቁልቁል ሲወርዱ፣ ጓሮው በእንሰት የተከበበ አንድ የቆርቆሮ ቤት አሳዩኝ። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ውስጡ አግዳሚዎችና የተጋጋጡ ጠረጴዛዎች፣ ከኋላ ጓዳ፣ በጓዳው በር ላይ ደግሞ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ የቆሙ ረዥም፣ ከሲታ ሴት።

እትዬ ዘነበች የዚያው የካፋ ተወላጅ ነበሩ። አማርኛቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ታሽቶ የወጣ ነው፤ ሲቆጡ ወንዱንም «አንቺ» ይሉታል። እኔ «አንቺ» ያልተባልኩበት ሳምንት የለም፤ ምክንያቱም ሳይፈቀድልኝ ጓዳ እየገባሁ ድስት እከፍት ነበር።

ቆጮውም ጎመኑም ጥሩ ነበር። ሰው የሚመላለሰው ግን ለዳጣው ነው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ከጫካ የመጣውን ኮረሪማ አንድ ላይ አድርገው በድንጋዩ ወፍጮ ላይ እየመለሱ እየደጋገሙ ሲፈጩት፣ ፍሬውም ልጣጩም ጠፍቶ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። ትኩስ ቆጮ ላይ ስትቀባው ሳትገፋው ይሄዳል። እሳት መሆኑን የምታውቀው ከዋጥከው በኋላ ነው። «የላመ የጣመ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን እዚያ ቤት ነው።

ሌላም ዳጣ ነበራቸው። ቅመሙ ያው ነው፤ ግን በሙቀጫ የተወቀጠ ነው፤ ፍሬው ያልሞተ፣ የቃሪያው ልጣጭ ጥርስ መሀል ገብቶ የሚሰነቀር። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጣባ ነው የሚቀርቡት። ያልለመደ ዓይን አይለያቸውም። የለመደ ሰው፣ ወይም እንደ እኔ ሆዱ ዓይን ያወጣለት፣ ከሌላ ጠረጴዛ ሆኖም ይለያቸዋል።

የተወቀጠው ለማን እንደሚወጣ ማንም አልነገረኝም። እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ እየበላህ ይገባሃል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲገባ፣ ካድሬ ሲገባ፣ ወይም ማንነቱ ሳይታወቅ ጥያቄ የሚያበዛ እንግዳ ሲገባ፣ የተወቀጠው ይወጣል። እትዬ ዘነበች ጣባውን ጠረጴዛው ላይ ያኖሩና በር እንደሚቆልፍ ሰው ትንሽ ዞር ያደርጉታል። ያን ጊዜ የቤቱ ወሬ ሁሉ፣ የታሰረው፣ የጠፋው፣ ለዘመቻ የታፈሰው፣ የማንኪራ ገበሬዎች ቡና በስንት እንደተወሰደ፣ ባንድ አፍታ ይቆምና ስለ ዝናብ ይወራል። ቦንጋ ላይ ስለ ዝናብ ለማውራት ሰበብ አይታጣም።

«ስለ ዝናብ አውሩ» ይሉ ነበር። «ዝናብ ማንንም አሳስሮ አያውቅም።»

ይህን ለምን እንደጀመሩ የነገረኝ ጋሽ ከድር ነው። ጋሽ ከድር ገበያው ጥግ ላይ አቡጀዲና ሸማ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ምሳውን ሁልጊዜ እሳቸው ዘንድ፣ ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ይበላል። የእትዬ ዘነበች ባል፣ አለኝ፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስለ ስኳር ወረፋ አንዲት ቀልድ ቀለዱ። ሁሉም ሳቀ። ከሳቁት አንዱ ሄዶ ተናገረ። ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውም አልመጣም። እትዬ ዘነበች ሐዘናቸውን ጨርሰው ቤቱን መልሰው ሲከፍቱ፣ ከጓዳ ሙቀጫ አወጡ።

ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት በወሬ የተያዘ ሰው የለም። ነገሩ ቢታወቅ ግን ምን እንደሚያደርጓቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤትን ሙሉ በምልክት የምታነጋግር ሴት! በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰም ሰው ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኝቷል።

አንድ ቀን ጓዳ ብቻቸውን አግኝቼ በሹክሹክታ፣ «ለነዚያኞቹ ጨው ቢቀንሱባቸው ምን አለ?» ብላቸው፣ ማማሰያውን አነሡብኝ።

«አንቺ! ከኔ እጅ የማይጣፍጥ ነገር አይወጣም። ሰዎቹን ተጠንቀቁ አልኩ እንጂ አስርባቸዋለሁ አልኩሽ?»

በዚህ መሀል ደምሴ መጣ።

ደምሴ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ነኝ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። የትኛው መጋዘን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም በቀልዴ ይስቅ ነበር። እንዲሁ ፈገግ ማለት አይደለም፤ እንባው እስኪመጣ ነው የሚስቀው። መሥሪያ ቤት ያሉት ጓደኞቼ ቀልድ ስጀምር ፋይል ፍለጋ ይነሣሉ። ይሄ ሰው ግን ወደ እኔ ጠጋ ይልና፣ «እስቲ ድገመው፣ ማን ነው ያለው? ስሙ ማን ነበር?» ይላል። እኔ ሞኙ የቀልድ አድናቂ አገኘሁ ብዬ ስም እየጨመርኩ እደግመዋለሁ፤ ደግነቱ የቀልዴ ሰዎች አብዛኞቹ የሞቱ ዘመዶቼ ነበሩ። ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ። በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ይጠብቀኛል፤ አብረን ወርደን ከአንድ ገበታ እንበላለን።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ ዘነበች ምግባችንን አመጡ። ቆጮውን ቆረስኩ፣ ዳጣውን ቀባሁ፣ ጎረስኩ። ጥርሴ መሀል አንድ ፍሬ ቀጭ አለ።

ቆጮው ይሆናል ብዬ እንደገና ቀባሁ። ልጣጭ ተሰነቀረብኝ። ጣባውን አየሁት። የተወቀጠ ነው! ቀና ስል ቤቱ ሁሉ ስለ ዝናብ ያወራል። ጋሽ ከድር ጥጉ ላይ ሆኖ፣ «ዘንድሮ ደግሞ ባሰበት፤ መሬቱ አልጠጣ አለ» ይላል፤ ወደኔ ግን አያይም።

ወዲያው የመጣልኝ ላንድሮቨሩ ነው። በዚያው ሰሞን ለሥራ ጊምቦ ወርጄ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፤ አንድ ካድሬ በመኪናው ሲያልፍ አይቶኝ «ግባ» አለኝ፤ ገባሁ። ገበያው መሀል ነው ያወረደኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ። እግሬ ጭቃ እንዳይነካ ብዬ ሳለሁ፣ ጆሮ ጠቢ ሆኜ ተገኘሁ!

በማግስቱም የተወቀጠው መጣ። በሚቀጥለውም ቀን። ደምሴ እየጣመው ይበላል፣ ይስቃል፣ ይጠይቀኛል፤ እኔ ፍሬ አኝካለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ዳጣ ሻከረ ብሎ እንቅልፍ ያጣል? እኔ ግን የምበላውን ነገር አውቃለሁ። እሳቸው የሰው ማንነት ላይ የሚፈርዱት በሙቀጫና በድንጋይ ነው፤ በእኔ ላይ ተፈርዷል። ይግባኝ የት ይባላል? «እትዬ፣ እኔ ጠቋሚ አይደለሁም» ልበል? ጠቋሚ ሁሉ የሚለው እሱኑ አይደል?

ዝም ብል የማዳምጥ እመስላለሁ። ብናገር የማስወራ። ብስቅ ደስ ያለኝ፤ ባልስቅ የምደብቀው ያለኝ። ሌላ ወረዳ ውስጥ አንድ ጠቋሚ ቡና ማሳ መሀል ሞቶ ተገኘ የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቡና ባለበት መንገድ መሄድ ተውኩ። በካፋ ምድር ቡና የሌለበት መንገድ ፈልጉ እስቲ! በዚያ በኩል መንግሥትን እፈራለሁ፣ በዚህ በኩል መንግሥትን የሚፈሩትን እፈራለሁ። ከሁለቱም ተርፎ የማልፈራው ደምሴ ብቻ ነበር። አያችሁ ብልጠቴን!

አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጋሽ ከድርን ሱቁ ድረስ ሄድኩበት። ሌላ ሰው አልነበረም። ባንኮኒው ላይ ዘንበል ብዬ፣ «ጋሽ ከድር፣ ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

አቡጀዲውን መጠቅለሉን አላቆመም። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ውጭ አየ። እኔም ዞርኩ፤ ደምሴ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጋራ ያቀጣጥላል፤ እንደ ጓደኛ እየጠበቀኝ።

«ዝናቡ በረታ» አለ ጋሽ ከድር።

ውጭ ፀሐይ ነበር።

እሱ ያን ያህል ግልጽ አድርጎ ሲነግረኝ፣ እኔ ግን «አንተም ከነሱ አንዱ ነህ» ማለቱ መሰለኝ። ወጣሁ። ደምሴ ክንዴን ያዘና፣ «ምነው ገረጣህ?» አለኝ። «ርቦኝ ነው» አልኩት። ይህ በእኔ አፍ ሁልጊዜ የሚታመን መልስ ነው።

ከዚያ ደምሴ ጅማ ደርሼ ልምጣ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት እግሬን እየጎተትኩ ብቻዬን ወረድኩ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ላይ ጩኸቱ ሰው አያሰማም። ቤቱ ሙሉ ነው። እትዬ ዘነበች መጡ፤ ቆጮውን አኖሩ፣ ጣባውን አኖሩ። አላዞሩትም።

ዳጣው እንደ ቅቤ ነበር።

በጣቴ ነካሁት፤ በአፌ አስገባሁት፤ ምንም ቀጭ አላለም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ቀና ብዬ አየኋቸው። እትዬ ዘነበች በጓዳው በር ላይ ቆመው እንደ ደደብ ተማሪ ያዩኛል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የተወቀጠው የመጣባቸው ቀኖች ሁሉ አንድ በአንድ መጡልኝ፤ በሁሉም ላይ ከገበታው ማዶ አንድ ሰው ተቀምጧል። ከአንድ ገበታ ለሚበሉ ሰዎች ጣባውም አንድ ነው። ለእሱ የቀረበውን እኔ ለእኔ ነው ብዬ ስንቀጠቀጥ ከርሜያለሁ። ከራሴ በቀር የሚታየኝ ሰው ስለሌለ፣ ፍርዱም የእኔ መሰለኝ።

ዐረፍኩ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥሁ። ለዚያ ሰውዬ ምን ምን ነግሬዋለሁ? ያወራሁትን ሁሉ በአእምሮዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። እሱን ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ።

ደምሴ ነው። ከእግር እስከ ራሱ ርሷል። «መንገዱ ጭቃ ውጦታል፤ መንገድ ላይ አድረን አውቶቡሱ መለሰን» እያለ እየሳቀ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እትዬ ዘነበች ከጓዳው በር ፈጥነው ተንቀሳቀሱ፤ ግን ጠረጴዛው ሩቅ ነው። ሰውዬው እጁን ታጠበ፣ ከቆጮዬ ቆረሰ፣ ከጣባዬ ጠለቀና ጎረሰ።

ማኘኩን አቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። በጣቱ ቀስ አድርጎ ነካው፤ በሁለት ጣቱ መሀል አሸው። «እንደ ቅቤ አይደለም እንዴ!» ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «እትዬ ዘነበች፣ ሁለት ዓይነት ዳጣ አለዎት እንዴ? ለኔ እንዲህ ያለ ቀርቦልኝ አያውቅም።»

ቆርቆሮው ብቻ ይጮኻል። በየጠረጴዛው ላይ የላመ ዳጣ ያለበት ጣባ ተደርድሯል። ደምሴ አንገቱን ካዞረ አለቀ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ከሚያወራ አፍ ምንም አልወጣ አለ። የሕይወቴ ብቸኛዋ ዝምታ ያቺ ናት።

«ጥርሱን ታሞ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች፤ መጥተው ከአጠገባችን ቆመው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም የለም፤ ጨው አለቀ እንደማለት ነው። «እኔ የምወቅጠው በሙቀጫ ነው። ዛሬ አልቅሶ መጣና እንደ ሕፃን ልጅ በድንጋይ ፈጨሁለት።»

እጄ ብድግ ብሎ ጉንጬን ያዘ። ደምሴ አየኝ።

«በዚያ በኩል አይደል እንዴ የምታኝከው?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ጉንጬ እንደ ዝንጀሮ ተወጥሯል። «በወዲያኛው በኩል ይብሳል» አልኩ። እንዴት እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉርሻውን በአንዴ ዋጥኩና አቃሰትኩ። ያ ማቃሰት የውሸት አልነበረም።

ይህን በምናወራበት ጊዜ፣ ከደምሴ ጀርባ አንድ ነገር ሆነ። ዕድሜ ልኬን ሳልረሳው የምሞት ነገር ነው። ጋሽ ከድር ጣባውን አነሣ፣ ያለውን ዳጣ ሁሉ በጣቱ ጠርጎ አንድ ላይ ጎረሰ። በቆጮ ጫፍ ብቻ የሚነካ እሳት ነው፤ እሱ እንደ ገንፎ ዋጠው። ከጎኑ ያለው ሾፌር ተከተለው። ከዚያ አንድ መምህር። ከዚያ ሁሉም። ድምፅ የለ፣ ሳል የለ። ጣባዎቹ በቆጮ ተወልውለው ነጹ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ፤ ከዓይናቸው እንባ እየወረደ ሁሉም ጠረጴዛቸውን ያያሉ።

ደምሴ ዞረ። አንድ በአንድ አያቸው። ባዶ ጣባና የሚያለቅስ ሰው።

«ምን ሆናችኋል?»

ጋሽ ከድር አፉን መክፈት እንደማይችል አውቃለሁ፤ ግን ከፈተ። «እርጥብ እንጨት ነው ዛሬ የነደደው» አለ፤ ድምፁ እንደ ዋሽንት ቀጥኖ። «ጭሱ ገደለን።»

ደምሴ ወደ ጓዳው አየ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ ፈገግ አለ። አምኖ ይሁን ሊፈትነኝ አላወቅሁም።

«ጥርስ ደግሞ አይናቅም» አለኝ። «ጤና ጣቢያ ያለውን ድሬሰር አውቀዋለሁ። ተነሥ፣ አሁኑኑ እናስነቅለው።»

«ዝናቡ...» አልኩ።

«ዝናብ ማንን ገደለ?» ብሎ ክንዴን ያዘ። በጣም በቀስታ ነው የያዘኝ። ስወጣ እትዬ ዘነበችን ዞር ብዬ አየኋቸው። ባዶ ጣባዎቹን እየሰበሰቡ ነበር፤ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አንገታቸው ላይ ግን አንድ ደም ሥር እንደ ወፍ ልብ ትመታ ነበር። እንግዲህ በእኔ አፍ ውስጥ ነው ያለነው ሁለታችንም፣ ብዬ አሰብኩ። የትኛው አፍ መታመን እንደሌለበት ቢያውቁ ኖሮ ይህን አፍ ባልመረጡ!

ድሬሰሩ ደልደል ያለ፣ የማይስቅ ሰው ነበር። አስቀመጠኝና አፌን አስከፈተኝ። ደምሴ ከእግሬ በኩል ቆሞ ክንዱን አጣጥፎ ያያል።

«የትኛው ነው?»

እስቲ አስቡት፤ ከጤነኛ ጥርሶቻችሁ አንዱን ምረጡ ብትባሉ የቱን ትሰጣላችሁ? የፊቱን ብሰጥ መልኬ፤ እንዲያውም ያለቀለት መልክ። የኋላውን ብሰጥ ሥጋ ማኘክ ቀረ። ምላሴን እንደ ገበያተኛ እያዟዟርኩ ሁሉንም ነካሁ፤ ሁሉም ጓደኞቼ ናቸው። መጨረሻ ከበላይ በኩል ያለውን አንዱን መንጋጋ በጣቴ አሳየሁት።

ድሬሰሩ በብረት መታ መታ አደረገው። ጎንበስ ብሎ አየው። «ይሄ እኮ ምንም...» ብሎ ጀመረ።

«ከሥሩ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ከሥሩ ነው! ከሥሩ!»

ድሬሰሩ ቀና አለ። እኔን አየ። ደምሴን አየ። ከዚያ መልሶ እኔን አየ፤ ዓይኔ ውስጥ ምን እንዳየ እንጃ። «እውነትህን ነው» አለ በመጨረሻ። «ላዩ ደኅና ይመስላል እንጂ ሥሩ ተበልቷል።» ያን ጊዜ ይህ ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ ገባኝ።

«ማደንዘዣ ካለቀ ቆይቷል» አለኝ፤ ጉጠቱን አነሣ። ስለ ሌላው አልነግራችሁም። ጤነኛ ጥርስ እንደ በሽተኛ ጥርስ እሺ ብሎ አይወጣም፤ ለቤቱ ይዋጋል። እኔም የታመመ ሰው የሚጮኸውን ያህል ብቻ መጮህ ነበረብኝ፤ ከዚያ በላይ ከጮኽኩ ጤነኛ መሆኑ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ሰው እየተነቀለ ጩኸቱን ይመጥናል?

ወጣ። ደምሴ ጠጋ አለና እጁን ዘረጋ። «እስቲ ልየው።»

«የተበላ ሥር አይነካም፤ ይተላለፋል» አለ ድሬሰሩ፤ ጥርሴን ከደሙ ጥጥ ጋር ጠቅልሎ ባልዲው ውስጥ ጣለውና የታጠበበትን ውኃ ደፋበት። ደምሴ ባልዲውን ለአፍታ አየ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። «በል ተገላገልክ» አለኝ። ቤቴ ድረስ ሸኘኝ፤ መንገዱን ሙሉ ምንም አልጠየቀኝም። ያ አለመጠየቁ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የበለጠ አስፈራኝ።

በማግስቱ ፊቴ አብጦ፣ አንድ ዓይኔ ጠብቦ፣ ከደምሴ ጋር ወረድኩ። ብቀር ይሻል ነበር፤ ግን ብቀር ይጠረጠራል፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ርቦኛል። እትዬ ዘነበች መጡ። ሁለት ጣባ ይዘዋል። አንዱን ከደምሴ ፊት አኖሩና ትንሽ ዞር አደረጉት። ሌላውን ከእኔ ፊት አኖሩት፣ ሳያዞሩት።

«የነቀሉት የቱን ነው?» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። አጎንብሰው አዩ።

«እኔ ደግሞ ምላሱን የሚነቅሉለት መስሎኝ ነበር» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደምሴም ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ። ምስጋናቸው ይኸው ነበር። ሌላ አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ ደምሴ ቦንጋን እስኪለቅ ድረስ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጣባ ይቀርብ ነበር፤ ለእኔ የላመው፣ ለእሱ የተወቀጠው። አሁን ሰበብ አለው፤ ጥርስ የለውም ምስኪን! ቤቱም ያያል፣ ያውቃል፣ ስለ ዝናብ ያወራል። እኔ በየቀኑ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ በቀልድ አስቀዋለሁ፤ ቀልዶቼ ሁሉ ግን ስለ ሆዴ ብቻ ሆኑ። ጥርሴ አንዴ ወጣ፤ ፍርሃቱ ግን በየምሳው እንደገና ይበቅል ነበር። አንድ ቀን ያ ሰው እንደ አመጣጡ፣ ሳይሰናበት ሄደ። የትኛው መጋዘን እንደ ጠራው አላውቅም። ከእሱ ጋር አንድም ሰው ተይዞ አልሄደም።

እኔም ከዓመታት በኋላ ተዛወርኩ። ለመሰናበት የሄድኩ ቀን ቤቱ ባዶ ነበር። እትዬ ዘነበች ጓዳ ወፍጮው ላይ ተንበርክከው ይፈጫሉ። ሲያዩኝ ተነሡ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ብዙ ነገር ልል አስቤ ነበር፤ በተለይ ያን ያህል ጊዜ በከንቱ የፈራሁትን።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ለእሱ ነው፣ ላንተ አይደለም ብለው አንድ ቃል ቢሉኝ!»

«ጣባ አቀረብኩልህ» አሉ። «ለሰው ሁሉ የሚበቃው ላንተ አልበቃ ካለ ምን ላድርግ?»

ከዚያ፣ «አፍህን ክፈት» አሉኝ።

ከፈትኩ። ወደ ብርሃኑ አዙረውኝ ያን ባዶ ቦታ ለረዥም ጊዜ አዩት፤ ሰው ጓሮውን እንደሚያይ። ፊታቸው ላይ ያን ጊዜ ያየሁትን ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ባላቸውን በወሰዱባቸው ቀን እንዲህ ሆነው እንደሆነ እንጃ።

«መሬቱን ወረሱት፣ ትርፍ ቤቱን ወረሱት» አሉ። «ይቺ ግን የኔ ናት። ማንም እንዳይተክልባት።»

ልጄ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስንት ጊዜ ወስዶኛል። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው። መብራቱን ወደ አፌ አዙሮ፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ አንድ ጥርስ ብንተክልልዎ እንደ ልብዎ ያኝኩ ነበር እኮ» ይለኛል። እኔም ሁልጊዜ፣ «ቦታው ባለቤት አለው፤ ሳላስፈቅድ አይሆንም» እለዋለሁ፤ ይስቃል።

ከዚያ ስልክ ወዲህ ምላሴ እዚያ ቦታ ላይ እየሄደ ይቆማል። አሁን የሚፈቅድልኝ ሰው የለም።